ውሃው የት ሊሄድ ነው? ድሬኔጅ ስለሚባለው ነገር

ባለፈው ዓመት ቤታችን ሻወር ቤቱ ታደሰ። ሴራሚኩ ያምራል፣ ከለሩ ያምራል፣ ግንበኛው ልጅ ጨረስኩ ብሎ እጁን ሲታጠብ እናቴ ዝም ብላ ሄዳ በጆግ ውሃ አመጣችና ወለሉ ላይ ደፋችው። ውሃው ትንሽ አሰበ (ወላሂ የሚያስብ ነው የሚመስለው)፣ ከዛ ወደ ቀዳዳው መሄዱን ትቶ ወደ በሩ መጣ፣ ከበሩ ወደ ሳሎን። «አንተ፣ ድሬኔጁስ?» አለችው። «ይኸው አለ አይደል እንዴ አቦ!» ብሎ ጥግ ላይ ያለችውን ብልጭልጭ ወንፊት በጣቱ አሳያት። እውነቱን ነው፣ ቀዳዳዋ አለች። ድሬኔጅ ግን የለም።

ድሬዳዋ ውስጥ ይሄ ቃል ሁሉም ሰው አፍ ላይ ነው፣ ግን ሁሉም የተለያየ ነገር ነው የሚያሳየው። ባጃጅ ነጂው ድሬኔጅ ውስጥ ገባሁ ሲል የአስፓልት ዳር ዲቹን (ቦዩን) ነው፣ የቤት ባለቤት ድሬኔጁ ተደፈነ ካለ ቱቦውን ነው፣ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ ማንሆሉን፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ያለው ጎኑ ላይ የተሰካችውን ቀጭን ፕላስቲክ። ሁሉም ልክ ናቸው፣ ግን ሁሉም የሚያሳዩት እቃውን ነው። ድሬኔጅ ስራ ነው፣ ያልተፈለገ ውሃ (ወይም ሌላ ፈሳሽ) ካለበት ቦታ ተነስቶ፣ በመንገዱ ምንም ሳያበላሽ፣ መድረስ ያለበት ቦታ እስኪደርስ ያለው ነገር በሙሉ። መነሻ አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ መጨረሻ አለው። አንዱ ከጎደለ ቀሪው ጌጥ ነው፣ እንደኛ ቤት ወንፊት።

እንግሊዘኛው ራሱ ድሮ ማጥለል ማለት ነበር፣ «ደረቅ» ለሚለው ቃላቸውም ዘመድ ነው ይባላል። በኛ ቋንቋ የሚቀርበው ማጠንፈፍ ነው፣ ጎመን ቀቅለህ ውሃውን ስታጠነፍፍ ድሬኔጅ እየሰራህ ነው፣ ልብስ አጥበህ ገመድ ላይ ሰቅለህ ሲንጠፈጠፍም ያው ነው። የግብርና ሰዎች አሁንም ማጠንፈፍ ነው የሚሉት፣ ከተማ ላይ ግን ቃሉ ጠፍቶ በጽሁፍ «የፍሳሽ ማስወገጃ» ወይም «የጎርፍ መውረጃ» ሆነ፣ በአፍ ድሬኔጅ ሆነ። እኔ በበኩሌ «ማስወገጃ» የሚለው ነገር አይመቸኝም፣ ውሃ አይወገድም፣ ከኔ ቤት ሲወገድ የሆነ ሰው ቤት ነው የሚገባው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ወደ ሻወር ቤቱ ልመለስ። ችግሩ ቁልቁለት ነው። ወለል ላይ ውሃ ወደ ቀዳዳው እንዲሄድ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ እያለ መሄድ አለበት፣ ማለት በሩ ጋ ካለው ከፍታ ሁለት ሜትር ርቆ ያለው ቀዳዳ ቢያንስ 2 ሳንቲ፣ ሲሆን ሲሆን 4 ሳንቲ ዝቅ ይላል። በአይን አይታይም። ግንበኞች ውሃ ልክ አላቸው፣ ለረጅም ርቀት ደግሞ ውሃ የሞላ ቀጭን ላስቲክ ጎማ ይጠቀማሉ፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ ያለው ውሃ ሁሌም እኩል ስለሚቆም ከፍታውን ይነግርሃል፣ ሳንቲም የማይፈጅ ደሞ የማይዋሽ መሳሪያ ነው። ችግሩ ውሃ ልክ የሚጠቀሙት ወለሉን ቀጥ ለማድረግ ነው፣ ቀጥ ያለ ወለል ደግሞ ለሻወር ቤት ትልቁ ጥፋት ነው! ሴራሚክ የሚያነጥፈው ልጅ ኩራቱ ቀጥ ማለቱ ነው፣ «አየሽ፣ መስታወት ነው» ብሎ ነበር ለእናቴ። መስታወት ላይ ውሃ ይቆማላ።

ቱቦውም እንደዛው ነው። ለእጅ መታጠቢያና ለሻወር 50 ሚሊ፣ ለሽንት ቤት 110 ሚሊ የሚባሉት ግራጫ ወይም ነጭ ፒቪሲ ቱቦዎች መሬት ውስጥ ሲቀበሩ ቁልቁለት ካልተሰጣቸው ውሃው ይሄዳል፣ ቆሻሻው መንገድ ላይ ይቀመጣል። የመንገድ ዳር ዲች ላይም ያው ህግ ነው፣ ውሃው ራሱን በራሱ እንዲያጸዳ ቢያንስ በሰከንድ 60 ሳንቲሜትር ገደማ መጓዝ አለበት፣ ከዛ በታች ከቀዘቀዘ የተሸከመውን አሸዋ እዛው ያራግፋል። ድሬ ላይ ደግሞ የሚራገፍ አሸዋ አያልቅም። ቁልቁለት በሌለበት ቦታ በየሳምንቱ ብትጠርገው በየሳምንቱ ይሞላል፣ ሰፈሩ ጠራጊውን ይሰድባል እንጂ ቁልቁለቱን ማን ያየዋል።

ሽታን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለዚች ብቻ ቢሆን ጽሁፉን አንብባችሁ አትከስሩም። የእንግዳ ክፍላችን ሻወር ሁለት ወር ተዘግቶ ቆየና ሲከፈት የሆነ የማይቻል ሽታ። ጎረቤት አይጥ ነው የሞተው አለ፣ አልጋ ተነሳ፣ ቁም ሳጥን ተነሳ፣ ኮርኒስ ሊነሳ ነበር። አይጥ የለም። ጉዳዩ እንዲህ ነው፣ ከእጅ መታጠቢያው ስር ያለችው የተጠማዘዘች ቱቦ ወይም ጠርሙስ የምትመስለው ሲፎን፣ ከወለል ወንፊቱ ስር ያለችውም ኩባያ ነገር፣ ሁሌ ትንሽ ውሃ ይዛ ነው የምትቀመጠው። ያ ውሃ ክዳን ነው። ከጉድጓዱ የሚመጣው ጋዝ በሱ ውስጥ ማለፍ ስለማይችል ይመለሳል። ይሄን ጥምዝ ሀሳብ በ1775 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፓተንት ያስደረገው አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሰሪ ነው፣ ቧንቧ ሰሪ እንኳን አልነበረም። ዋናው ሀሳብ እስካሁን ያው ነው ማለት ይቻላል፣ አለም ላይ ያለ ውሃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት አብዛኛው በሱ ነው የሚሰራው። ግን ውሃው የድሬ ሙቀት ውስጥ ሁለት ወር ማንም ሳይነካው ከቆየ ይተናል፣ ክዳኑ ተከፈተ ማለት ነው። መፍትሄው አንድ ጆግ ውሃ ነው። ክፍሉን ለረጅም ጊዜ የምትዘጉት ከሆነ ከውሃው በላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ዘይቱ ይሰፍፍና ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። እኛ ኮርኒስ ልንነቅል ነበር እኮ።

አሁን ከቤት እንውጣ። ሂሳቧ ቀላል ናት፣ 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ያለው ቤት ላይ 20 ሚሊ ዝናብ ቢጥል 2,000 ሊትር ይሆናል፣ አስር በርሜል ማለት ነው፣ ከአንድ ቤት ጣሪያ ብቻ። 500 ቤት ያለበት ሰፈር ከሆነ 1,000,000 ሊትር ሆነ፣ አስር ሺህ ሊትር የሚጭን የውሃ ቦቴ ብታሰልፍ መቶ ቦቴ። ያ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ዲች ላይ ሊመጣ ይችላል። ድሬ በአመት የሚዘንብላት ብዙ አይደለም፣ 600 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ግን ሲመጣ በጥቂት ቀን ተሰብስቦ፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት ነው። ድሬኔጅ የሚለካው በአመቱ ዝናብ ሳይሆን በክፉዋ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ለዛ ነው አብዛኛውን አመት ደርቆ የሚታየውን ዲች «ይሄን ያህል ስፋት ምን ይሰራል፣ እንድፈነውና ሱቅ እናውጣበት» የሚል ሰው የማይጠፋው።

ድሮ ግቢው አፈር ነበር፣ አፈር ይጠጣል። አትክልት ያለበት ግቢ ከወረደበት ዝናብ ትንሹን ብቻ ነው ወደ ውጭ የሚለቀው፣ ቆርቆሮና ኮንክሪት ግን ከአስሩ ዘጠኙን ይለቁታል። አሁን ከዚራም ብትሄድ ሳቢያን ሁሉም ግቢውን እያነጠፈ ነው፣ ጭቃ ጠልቶ። አልፈርድም፣ እኛም አንጥፈናል። ግን ዝናቡ ሳይጨምር ጎርፉ የሚጨምረው ለዚ ነው። ደሞ አንዱ ግቢውን 30 ሳንቲ ከፍ አድርጎ ሲያነጥፍ ጎረቤቱ ሳህን ይሆናል፣ ቀጥሎ ሳህኑም ከፍ ያደርጋል፣ ቀጥሎ መንገዱ ይነጠፍና ከሁሉም በላይ ይሆናል። እኛ ሰፈር በሩ ላይ ደረጃ ወርደህ የምትገባበት ቤት አለ፣ ሲሰራ ደረጃ ወጥተህ ነበር የምትገባው አሉኝ።

ስለ ድሬ ድሬኔጅ አውርቶ ደቻቱን መዝለል አይቻልም። ለማያውቃት፣ ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የምትከፍል የአሸዋ ወንዝ ናት፣ ወዲህ ከዚራ ወዲያ መጋላ። ውሃ የለባትም። ግመል ያልፍባታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱባታል፣ ሰው ይነግድባታል፣ አሸዋ ይጫንባታል። አዲስ ሰው ወንዙ የት ነው ብሎ ሲጠይቅ ቆመህበታል ትለዋለህ። ሀምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ለእሁድ ሌሊት ሰው ተኝቶ እያለ መጣች። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤታቸውን አጡ። የዛን ለሊት ነገር የሰማ ሰው አሁንም ድረስ ከላይ ተራራው ሲጨልም ዝም ይላል፣ እናቴ እስከዛሬ ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል መብረቅ ካየች አትተኛም።

እዚ ጋ ነው የድሬኔጅ ትልቁ ትርጉም የሚመጣው። ድሬ የተቀመጠችው ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ በስተደቡብ ያለው ተራራ፣ ደንገጎና ከዛ በላይ ያለው፣ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፣ ርቀቱ ደግሞ በመኪና ግማሽ ሰዓት ምናምን ነው። ማለት ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ በየሸለቆው ተሰብስቦ ቁልቁል ሲወረወር ከተማዋ አፉ ላይ ናት። ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ዝናብ ወርዶበት ውሃውን ወደ አንድ መውጫ የሚልከው መሬት ሁሉ ተፋሰስ ይባላል፣ በእንግሊዘኛው ራሱ ድሬኔጅ የሚለው ቃል አለበት። ስለዚ የደቻቱ ድሬኔጅ ድልድዩ ጋ አይደለም የሚጀምረው፣ ተራራው ላይ ዛፍ የተቆረጠበት ገበሬ ማሳ ላይ ነው። እርከን የተሰራበትና ሳር ያለበት ተዳፋት ውሃውን ያዝ አድርጎ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ የተራቆተው በአንዴ ይደፋዋል፣ ያው ውሃ ነው፣ ልዩነቱ ሰዓቱ ነው።

ብዙ የድሬ ልጅ ጎርፉን ሐረሮች ናቸው የሚልኩብን ይላል፣ ቀልድ ነው ግን የሚያምን አለ። ስህተት ነው። በተራራው ጫፍ ላይ ውሃ የሚለያይበት መስመር አለ፣ በዚ በኩል የወረደው ጠብታ ወደ ድሬ፣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይመጣል፣ በዛ በኩል የወረደው ሐረርን ይዞ ወደ ኤረር፣ ከዛ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። የሐረር ውሃ ድሬን አያያትም። ሐረር ጁገል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ) ራሷ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቀጫጭን የድንጋይ መንገዶቿ ሲዘንብ ቦይ ይሆናሉ፣ ውሃው እየተንደረደረ ቁልቁል ወደ ግንቡ በኩል ይወርዳል፣ ሄደህ ዝናብ ቢይዝህ ታየዋለህ፣ ቁርጭምጭሚትህ ድረስ መጥቶ ከሀያ ደቂቃ በኋላ ድንጋዩ ታጥቦ ደርቋል። (ጁገል በዩኔስኮ የተመዘገበችው በዛው በ1998 ሀምሌ ላይ ነበር፣ አንዱ ከተማ ሲደሰት አንዱ ሊያለቅስ ነበር።) ድሬ ግን የሳህኑ ስር ናት። የኛ ውሃ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሽንሌ ሜዳ ወርዶ አሸዋ ውስጥ ይሰርጋል፣ ባህር አይደርስም። አዋሽ ራሱም ባህር አይደርስም፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሀይቅ ገብቶ ያልቃል።

ከጎርፉ በኋላ ደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሰርቷል። ጥሩ ነው፣ ግን ግንብ ሁለት ፊት አለው። ወንዙን ከሰፈር ይከለክላል፣ የሰፈሩን ውሃ ደግሞ ከወንዙ። ስለዚ የመንገዱ ዲች ግንቡን በስቶ የሚወጣበት ቦታ ያስፈልገዋል፣ ያ ቀዳዳ ደግሞ ወንዙ ሲሞላ ወደ ኋላ እንዳይመልስ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ክዳን ቢኖረው ነው ደስ የሚለው። ካልሆነ ወንዙ ሳይነካህ በራስህ ዝናብ ትጥለቀለቃለህ። ሌላው፣ ጎርፍ ሲያልፍ ባጃጅ ወይም መኪና ይዞ ልለፍ የሚል ሰው አለ፣ 15 ሳንቲ ጥልቀት ያለው የሚሮጥ ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል፣ 30 ሳንቲ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ባጃጅማ ተወው።

ዲቹን የሚደፍነው ምንድነው? ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉም ከተማ አለ። የኛ የራሳችን ገረባ ነው። ለማያውቅ፣ ገረባ ማለት ከበርጫ በኋላ የሚተርፈው የጫት ቅጠልና እንጨት ነው። ጠዋት ቤት ሲጠረግ ፍየል ካለች ፍየሏ ትበላዋለች፣ ድሬና ሐረር ፍየሎች በገረባ ምርቃና የሚኖሩ ናቸው፣ ፍየል ያልደረሰበት ገረባ ግን መጥረጊያው ሄዶ ሄዶ ዲች ውስጥ ነው የሚያቆመው። ብቻውን ምንም አይደለም፣ ቅጠል ነው፣ ይበሰብሳል። ፌስታል ጋር ሲገናኝ ነው ጉዱ። አንድ ቀን እኛ በር ፊት ለፊት ያለውን ዲች የሰፈር ልጆች ሲቆፍሩ ቆሜ አየሁ፣ አካፋው ሲገባ የሚወጣው አፈር አይደለም፣ እንደ ፍራሽ የተጠላለፈ ነገር ነው፣ የጫቱ እንጨት እንደ ክር ወጋግቶታል፣ ፌስታሉ እንደ ጨርቅ ገብቶበታል፣ መሃሉን ጥሩ አሸዋ ሞልቶታል። ግንበኛ ቢሰራው እንደዛ አይጠነክርም። ከክዳኑ ስር ስለሆነ ደግሞ ከላይ አይታይም፣ ስትቆምበት ደረቅ መንገድ ነው። አውጥተው ከዲቹ አጠገብ ከመሩት። ከዛ ማታ ዘነበ። የት እንደገባ አልነግራችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ መለየት አለበት፣ የዝናብ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ ሁለት የተለያየ መንገድ ነው ያላቸው። የመንገድ ዳር ዲች ለዝናብ ነው የተሰራው፣ ተከፍቶ የሚሄድ ነው፣ መጨረሻው ወንዝ ነው። ለሊት ለሊት የሽንት ቤቱን ቱቦ እዛ ላይ የሚሰካ ሰው አለ፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል። ድሬ አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው ሴፕቲክ ታንክ ወይም ተራ ጉድጓድ ነው። ሴፕቲክ ታንክ በትክክል ከተሰራ ጎበዝ ነገር ነው፣ ከባዱ ዝቃጭ ስር ይቀመጣል፣ ቅባቱ ላይ ይሰፍፋል፣ መሃል ያለው ቀለል ያለ ውሃ ወደ ሁለተኛው ክፍል ከዛ ወደ መስረጊያ ጉድጓድ ይሄዳል። ዝቃጩ በየጥቂት አመቱ በመኪና መመጠጥ አለበት። አሁን አንድ ጎረቤታችን ሁሌ ይኮራል፣ «እኔ ይሄን ጉድጓድ ካስቆፈርኩ አስራ አምስት አመቴ፣ አንድ ቀን አስመጥጬው አላውቅም አቦ፣ እንዲህ ነው ማስቆፈር!» ይላል። ሰዉም በቅናት ያየዋል። በአስራ አምስት አመት ውስጥ ያልሞላ ጉድጓድ ማለት ግን ታች ያልተገነባ፣ የገባበትን ሁሉ ወደ መሬት የሚለቅ ጉድጓድ ማለት ነው። መሬቱ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ነው፣ ወዲያው ያሳልፋል። እኛ የምንጠጣው ከዛው መሬት ስር ነው፣ የሳቢያን ጉድጓዶች ውሃ። የድሬ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ናይትሬት የሚባለው ኬሚካል ከፍ ብሎ መገኘቱ በተደጋጋሚ ተጠንቶ የታወቀ ነገር ነው፣ አንዱ ዋና ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰውም የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። የአለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፣ ናይትሬት ሲፈላ አይጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይጠነክራል፣ በተለይ በጡጦ ለሚጠጡ ህፃናት አደገኛ ነው፣ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ይሄን ለጎረቤታችን ልንገረው ብዬ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ሁለቴም ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ሰው በኩራቱ እንዴት ይነካል።

ትንኝም የድሬኔጅ ጉዳይ ነው። በኛ ሙቀት የትንኝ እንቁላል ከሳምንት እስከ አስር ቀን ገደማ ውስጥ አድጎ ይበራል፣ ስለዚ የቆመ ውሃ ከሳምንት በላይ መቆም የለበትም፣ ሂሳቡ ይሄው ነው። የትንኝ በሽታዎቹ፣ ዴንጊው በ2006፣ ቺኩንጉንያው በ2011 መጨረሻና 2012 መጀመሪያ ላይ ሲመጡ (ያን ጊዜ ድሬ ውስጥ መገጣጠሚያውን ያላመመው ሰው ጥሩልኝ) አስተላላፊዋ ትንኝ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ አይደለም የምትራባው፣ በርሜልና የተጣለ ጎማ ውስጥ ያለ ንጹህ ውሃ ነው የምትወደው። በ2014 ደግሞ ለወባው መብዛት ምክንያት የተባለችው ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ እሷም ከተማ ለምዳለች፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ይስማማታል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ሳንሞላ መኖር አንችልም፣ ስለዚ ክዳን ነው መልሱ።

እጽዋት ላይ ቃሉ ሌላ መልክ አለው። የዘይት ጣሳ ውስጥ አበባ የሚተክል ሰው ታቹን በምስማር ይበሳዋል፣ ለምን ብትለው ውሃ እንዳይበዛበት ይልሃል፣ ልክ ነው ግን ዋናው ስሩ መተንፈስ ስላለበት ነው፣ አፈሩ መሃል ያለው አየር በውሃ ከተተካ ስሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል፣ ባለቤቱም ጠማው ብሎ ውሃ ይጨምርለታል። ደጋው ላይ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ክረምት ላይ እንደዚ ይታፈናል፣ ለዛ ነው ገበሬው ሰፊ መደብና ቦይ እያወጣ የሚያጠነፍፈው፣ ለሱ ተብሎ በበሬ የሚጎተት ቢቢኤም የሚሉት ማረሻም ተሰርቷል። ቆላ ላይ ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ነገር አለ፣ አዋሽ መካከለኛው ሸለቆ አሚባራ ላይ የጥጥ እርሻ በመስኖ ብዙ አመት ጠጥቶ ውሃው ከስር እየተጠራቀመ ወደ ላይ ሲመጣ ጨውን ይዞ ወጣ፣ መሬቱ ነጭ ሆነ። በረሃ ላይ ውሃ በዛ ብሎ መሬት ሞተ ቢሉህ ማን ያምናል፣ ግን መስኖ ሲሰራ መግቢያው ብቻ ታስቦ መውጫው ካልታሰበ የሚሆነው ይሄው ነው፣ በኋላ ከመሬት ስር ማጠንፈፊያ ቱቦ መቅበር አስፈለገ።

ሆስፒታል ውስጥ ድሬን የሚሉት ከኦፕሬሽን በኋላ ደምና ፈሳሽ ውስጥ እንዳይጠራቀም የምትገባው ቱቦ ናት፣ ነርሷ በየቀኑ ስንት ሚሊ እንደወጣ ትጽፋለች፣ መጠኑ ሲቀንስ ቱቦዋ ትወጣለች። አጎቴ ተደርጎለት «አቦ ይቺን ጀሪካን አውጡልኝ፣ ውሃ ቀጂ መሰልኩ እኮ» እያለ ክፍሉን ሲያስቅ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ስልኬን አፑ ድሬን አደረገው ይላሉ፣ ቻርጁን ጨረሰው ለማለት። የተማረ ሰው አገር ጥሎ ሲሄድ ብሬን ድሬን የሚባለውም ከዚው ቤት ነው፣ ፈሰሰ ለማለት፣ የት እንደፈሰሰ ያው ይታወቃል።

የኛ ሻወር ቤትስ? ግንበኛው ልጅ እያጉረመረመ ግማሹን ሴራሚክ ነቅሎ እንደገና አነጠፈው፣ እናቴ ራሷ ላስቲክ ጎማውን አንዱን ጫፍ ይዛ። ጆጉን ደፋችው፣ ውሃው ምንም ሳያስብ ቀጥ ብሎ ወንፊቱ ውስጥ ገባ። ተጨበጨበለት፣ ቀሪ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። በሶስተኛው ቀን ጠዋት ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን ተጣራች፣ «አንቺ! ኧረ አንቺ! ማንጎዬ ስር ሳሙና ያለው ውሃ ይወጣል፣ የማን ነው?» ሄደን ስናይ ቱቦው ጉድጓዳችን ጋ አልደረሰም፣ አጥሩ ስር ሲደርስ ፒቪሲው አልቆበት ነው መሰለኝ እዛው አፈር አልብሶት ሄዷል።